ከጁሙዓ ሰደቃ እስከ ሪችመንድ ምክር ቤት

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይስፈን።



በአሜሪካ፣ በቨርጂኒያ ግዛት የምንኖር ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ሁላችንም የምናውቀው አንድ ነገር አለ። ጁሙዓ ተሰግዶ ኢማሙ ካሰላመቱ በኋላ አንድ ወንድም ይነሳና «ወንድማችን ታሟል፤ ኢንሹራንስ የለውም፤ ሆስፒታሉ የጠየቀው ገንዘብ ከአቅሙ በላይ ነው፤ ለአላህ ብላችሁ እርዱት» ይላል። በሩ ላይ ካርቶን ይቀመጣል። ታክሲ ነጂው ከዕለት ገቢው፣ ፓርኪንግ የሚሠራው ከደመወዙ፣ እናቶችም ከቦርሳቸው አውጥተው ይጥላሉ። አልሐምዱሊላህ፣ ይህ የኢማን ምልክት ነው፤ ማንም ሊነቅፈው አይገባም።

ይህ ጸሐፊም ካርቶን ይዘው በር ላይ ከቆሙት አንዱ ነበር። ጊዜው እ.ኤ.አ. ከ2019 በፊት ነው። ወንድማችን የስኳር በሽተኛ ነበር። መድኃኒቱ ቶሎ እንዳያልቅበት በየቀኑ መውሰድ የሚገባውን በሁለት ቀን አንዴ ይወስድ ነበር። እግሩ ላይ የወጣችውን ቁስል «ትድናለች» እያለ ሥራውን ቀጠለ። ሆስፒታል የገባው ሰዎች ተሸክመው ሲያስገቡት ነው። በሕይወት ተረፈ፤ የእግሩ ጣቶች ግን አልተረፉም። በዚያ ጁሙዓ የሰበሰብነው ገንዘብ ለሁለት ሌሊት የአልጋ ክፍያ እንኳ አልበቃም።

ከዚያ በኋላ አንድ ጥያቄ ይህን ጸሐፊ ዕረፍት ነሳው። ካርቶን መያዝ የምናውቅ ብዙዎች ነበርን፤ ነገር ግን ያ ወንድም ከመታመሙ በፊት መድኃኒት የሚያገኝበትን ሕግ የሚያወጣውን የምክር ቤት ተወካይ ስም ከመካከላችን የሚያውቅ አንድ ሰው አልነበረም። የዛሬው ትምህርታችንም ይኸው ነው፤ ሰደቃ የታመመውን ይረዳል፣ ሕግን ማሻሻል ደግሞ ገና ያልታመመውን ይጠብቃል። ሁለቱም አማና ናቸው፤ እኛ ግን አንዱን ብቻ ይዘን ሌላውን ለሰው ትተናል።

ነገሩ ምን ነበር?

ሜዲኬይድ የሚባለው የድሆች የጤና ኢንሹራንስ በፌዴራሉ መንግሥትና በየግዛቱ መንግሥት በጋራ የሚከፈል ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በፕሬዚዳንት ኦባማ ዘመን የወጣው የጤና ሕግ ይህን ኢንሹራንስ ገቢያቸው ከድህነት መስመር 138 በመቶ ለማያልፍ አዋቂዎች ሁሉ እንዲሰጥ አዘዘ። በ2018 ስሌት ይህ ለአንድ ብቸኛ ሰው በዓመት ወደ 16,750 ዶላር ገደማ ነበር። ይሁን እንጂ በ2012 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግዛቶች ይህን ለመቀበል ሊገደዱ አይገባም ሲል ወሰነ። ስለዚህ ጉዳዩ ከዋሽንግተን ወጥቶ በየግዛቱ ዋና ከተማ እጅ ወደቀ።

ቨርጂኒያ በወቅቱ ካልተቀበሉት ግዛቶች አንዷ ነበረች። በዚያ ጊዜ በነበረው ደንብ፣ አካል ጉዳተኛ ያልሆነ፣ ልጅ የሌለውና ለሥራ የደረሰ ሰው ምንም ያህል ድሃ ቢሆን ሜዲኬይድ አያገኝም ነበር። በዕርዳታ የሚገዛው የግል ኢንሹራንስ ደግሞ በጠቅላላው ከድህነት መስመር በላይ ላሉት የተዘጋጀ ነው። በሁለቱ መካከል የወደቀው ሰው የሚሄድበት አልነበረውም። ወንድማችን የወደቀው በዚህ ጉድጓድ ውስጥ ነው።

ሕጉ እንዴት ተለወጠ?

አንዳንድ ግዛቶች ሕዝቡ ራሱ ፊርማ አሰባስቦ ሕግ ለድምፅ የሚያቀርብበት መንገድ አላቸው። ለምሳሌ በአይዳሆ ግዛት፣ ሳንድፖይንት በምትባል ትንሽ ከተማ ጥቂት ወዳጆች ተነስተው አንድ አሮጌ የመኪና ቤት አረንጓዴ ቀለም ቀቡና ከከተማ ከተማ ይዞሩ ጀመር። የሚፈለግባቸው 56,192 ፊርማ ነበር፤ በዚያ ላይ ከ35ቱ የምርጫ ወረዳዎች በ18ቱ ከመዝጋቢዎች 6 በመቶው መፈረም ነበረበት። በየሰው በር እያንኳኩ አሟሉት። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2018 ከድምፅ ሰጪዎች 60 በመቶ በላይ ደገፉት፤ አይዳሆ ደግሞ ወግ አጥባቂነቷ የታወቀ ግዛት ናት።

በቨርጂኒያ ግን እንዲህ ያለ የፊርማ መንገድ የለም። ያለው በር አንድ ነው፤ እሱም ሪችመንድ ያለው ምክር ቤት ነው። ይህ ምክር ቤት 100 ተወካዮች ያሉት የተወካዮች ምክር ቤትና 40 አባላት ያሉት ሴኔት አለው። አገረ ገዥ ቴሪ ማክኦሊፍ በሥልጣን ዘመናቸው ሁሉ፣ ከ2014 እስከ 2018 መጀመሪያ፣ ሜዲኬይድን ለማስፋፋት ቢሞክሩም ምክር ቤቱ አልተቀበላቸውም። በእነዚያ ዓመታት የሃይማኖት ተቋማት፣ የሐኪሞችና የነርሶች ማኅበራት፣ ሆስፒታሎችና ለድሆች የሚሟገቱ ጠበቆች በየዓመቱ ወደ ሪችመንድ ይመላለሱ ነበር። በየዓመቱም ባዶ እጃቸውን ይመለሱ ነበር።

ለውጡ ከሁለት አቅጣጫ መጣ። የመጀመሪያው የኖቬምበር 2017 ምርጫ ነው። ዴሞክራቶች በአንድ ጊዜ 15 መቀመጫ ጨመሩ። በ94ኛው ወረዳ ሁለቱ ተወዳዳሪዎች እኩል 11,608 ድምፅ አገኙ፤ አሸናፊው የታወቀውም በጃንዋሪ 2018 ከጎድጓዳ ሣህን ውስጥ በወጣ ዕጣ ነው። ወንድሞችና እህቶች፣ «የእኔ አንድ ድምፅ ምን ያደርጋል?» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ ይህን ንገሩት። ከዚያ ወረዳ አንድ ሰው ብቻ ከቤቱ ቢወጣ ኖሮ ዕጣ ባላስፈለገ ነበር።

ሁለተኛው አቅጣጫ የሚያስገርም ነው። የግዛቱ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ድንጋይ ከሰል የሚወጣበት ተራራማ አገር ነው፤ ሕዝቡም በብዛት ሪፐብሊካንን ይመርጣል። በዚያ በዋይዝ ካውንቲ ለብዙ ዓመታት በጎ ፈቃደኛ ሐኪሞች በየበጋው ነጻ ሕክምና ይሰጡ ነበር። ጥርስ ለማስነቀል፣ መነጽር ለማግኘት የሚፈልጉ ሰዎች ሌሊቱን በመኪናቸው ውስጥ አድረው ይሰለፉ ነበር። የዚያ አካባቢ ተወካይ የሆኑት ሪፐብሊካኑ ቴሪ ኪልጎር ዓመታት ሲቃወሙ ቆይተው በፌብሩዋሪ 2018 ሐሳባቸውን ለውጠው ማስፋፋቱን እንደሚደግፉ በይፋ ተናገሩ።

ሜይ 30 ቀን 2018 ሴኔቱ በ23 ለ17፣ የተወካዮች ምክር ቤት በ67 ለ31 በጀቱን ከነሜዲኬይድ ማስፋፊያው አጸደቁ። በሴኔቱ አራት፣ በተወካዮች ምክር ቤት ደግሞ ከአሥራ አምስት የሚበልጡ ሪፐብሊካኖች ከዴሞክራቶች ጋር ድምፅ ሰጡ። አገረ ገዥ ራልፍ ኖርዛም ጁን 7 ፈረሙበት፤ አገልግሎቱም ጃንዋሪ 1 ቀን 2019 ጀመረ። ያን ጊዜ የተገመተው 400 ሺህ ሰው ይጠቀማል ተብሎ ነበር፤ በ2025 መጀመሪያ ተመዝግበው የነበሩት ከ600 ሺህ በላይ ሆነዋል።

ሥራው በዚያ አላበቃም። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበን የሚቀጥለው ነው። ቨርጂኒያ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ሜዲኬይድ ለማግኘት የፌዴራሉን አምስት ዓመት ከመጠበቁ ሌላ የአርባ ሩብ ዓመት፣ ማለትም የአሥር ዓመት የሥራ ዘመን እንዲያስቆጥር ታስገድድ ነበር። በዲቪ ለመጣው ወገናችን ይህ ምን ማለት እንደነበር ማስረዳት አያስፈልግም። ለስደተኞችና ለድሆች የሚቆሙ ድርጅቶች ዓመት ከዓመት ሲወተውቱ ቆይተው ይህ ደንብ ከኤፕሪል 1 ቀን 2021 ጀምሮ ተነሳ። በዚያው ዓመት ከጁላይ 1 ጀምሮ አዋቂዎች የጥርስ ሕክምና እንዲያገኙ፣ ነፍሰ ጡር እናቶችም የመኖሪያ ወረቀታቸው ሳይታይ የእርግዝና ክትትል እንዲያገኙ ተፈቀደ። ዛሬ በዚህ የሚጠቀሙ የእኛ እናቶችና አባቶች አሉ። ያመጡላቸውን ሰዎች ግን አያውቋቸውም፤ ከእነዚያም መካከል ከእኛ ወገን የነበረው እጅግ ጥቂት ነው።

«ይህ ለሙስሊም ይፈቀዳል ወይ?»

ይህን ስናነሳ ሁለት ተቃውሞ እንሰማለን። አንዱ «እኛ እንግዶች ነን፤ በሰው አገር ፖለቲካ ምን አገባን?» የሚል ነው። ሌላው «ሙስሊም ካልሆኑ ሰዎች ጋር ተሰልፎ መጠየቅ እንዴት ይሆናል?» የሚል ነው። ሁለቱም በቅንነት የሚጠየቁ ናቸውና በቅንነት እንመልሳቸው።

ለሁለተኛው መልሱ ከሲራ ይገኛል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ነቢይነት ሳይሰጣቸው በፊት፣ በወጣትነታቸው፣ አንድ ከየመን የመጣ ነጋዴ በመካ ዕቃውን ሸጦ ገንዘቡን ተከለከለ። እንግዳ ስለነበር የሚሟገትለት ጎሳ አልነበረውም። በጩኸቱ የተነሱ ሰዎች በዐብደላህ ኢብን ጁድዓን ቤት ተሰብስበው የተበደለ ሰው፣ የአገር ልጅም ይሁን እንግዳ፣ ሐቁን እስኪያገኝ ከጎኑ ሊቆሙ ቃል ኪዳን ገቡ። ይህ ሒልፉል-ፉዱል ይባላል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በዚህ ተገኝተዋል፤ በእስልምና ዘመንም ለእንዲህ ያለው ቃል ኪዳን ቢጠሩ እሺ እንደሚሉ መናገራቸውን ዑለማዎች ዘግበዋል። እንግዲህ ቃል ኪዳኑን ከገቡት መካከል በዚያ ጊዜ ሙስሊም ማን ነበር? የታየው ጉዳዩ ፍትሕ መሆኑ ነው።

ለመጀመሪያው ደግሞ መልሱ በራሳችን ምድር ተፈጽሟል። ሶሓባዎች ወደ ሐበሻ ሲሰደዱ ቁረይሾች ሁለት መልእክተኞችን ከገጸ በረከት ጋር ልከው ስደተኞቹ ተላልፈው እንዲሰጧቸው ንጉሡን ጠየቁ። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ.) በነጃሺ ፊት ቆመው ተናገሩ። የንግግራቸውን ቅደም ተከተል ልብ በሉ፤ በመጀመሪያ ማን እንደነበሩ፣ ቀጥሎ ምን እንደተማሩ፣ ከዚያ ምን በደል እንደደረሰባቸው፣ በመጨረሻም ንጉሡ ምን እንዲያደርጉላቸው እንደሚፈልጉ። አልተሳደቡም፤ አላሞገሱምም። በማግስቱ ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ.) ሲጠየቁም እውነቱን አልደበቁም። ነጃሺም ገጸ በረከቱን መልሰው ስደተኞቹን በሰላም አኖሩ። እንግዳ ሆኖ በባለ ሥልጣን ፊት ቆሞ ሐቅን መጠየቅ፣ እንግዲህ፣ ለእኛ ከሌላ የምንዋሰው ነገር አይደለም።

ለበሽተኛ የሚሆን ተቋም ማቆምም ለእስልምና እንግዳ ነገር አይደለም። በ12ኛው ክፍለ ዘመን በደማስቆ ኑረዲን፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በካይሮ ሱልጣን ቀላውን ያሠሯቸው ሆስፒታሎች በወቅፍ ገቢ ይተዳደሩ ነበር፤ ድሃውም ሳይከፍል ይታከምባቸው ነበር። እነዚያ ሰዎች የታመመ ባዩ ቁጥር መዋጮ በመሰብሰብ አልተወሰኑም፤ የማይቋረጥ ሥርዓት አቆሙ።

በተውኩል የሚያመካኝም አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግመሉን ሳያስር በአላህ ልመካ ያለውን ሰው በመጀመሪያ እንዲያስር፣ ከዚያም እንዲመካ እንዳዘዙት እናስታውስ።

በተግባር ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ተወካያችንን እንወቅ። በቨርጂኒያ እያንዳንዱ ነዋሪ በአድራሻው መሠረት አንድ ተወካይና አንድ ሴናተር አለው። አንድ ተወካይ የሚወክለው ወደ 86 ሺህ ሰው ነው። ይህ ብዙ ቢመስልም ከእነዚህ ውስጥ በዓመት ውስጥ ወደ ቢሮው የሚሄደው እጅግ ጥቂት ነው። ከአንድ መስጊድ አሥር ሰው አብሮ ቢሄድ ተወካዩ አይረሳውም።

ሁለተኛ፣ ጊዜውን እንወቅ። ምክር ቤቱ የሚከፈተው በየዓመቱ በጃንዋሪ ሁለተኛ ረቡዕ ነው፤ በሙሉ ቁጥር ዓመት 60 ቀን ያህል፣ በጎዶሎ ቁጥር ዓመት ከዚያ ያነሰ ይቀመጣል። የሁለት ዓመቱ በጀት የሚወጣው በሙሉ ቁጥር ዓመት ነው። አገረ ገዥው የበጀት ሐሳባቸውን የሚያቀርቡት በዲሴምበር ነው። ስለዚህ በፌብሩዋሪ የሚነቃ ሰው ዘግይቷል። ተወካይን ማነጋገር የሚገባው በመከር፣ እርሱም በወረዳው ሳለ ነው። ጉባኤው ከመከፈቱ በፊት በየአካባቢው ሕዝብ የሚናገርበት ስብሰባም ይደረጋል፤ ለአንድ ሰው የሚሰጠው ጥቂት ደቂቃ ነው።

ሦስተኛ፣ ለዚያች ጥቂት ደቂቃ የጃዕፈርን (ረ.ዐ.) ሥርዓት እንያዝ። ማን ነኝ፣ የት እኖራለሁ፤ ምን ደረሰብኝ ወይም በቤተሰቤ፤ የትኛው ደንብ ነው ያደረሰው፤ ምን እንድታደርጉ እጠይቃለሁ። መጨረሻዋ ከሁሉ ትበልጣለች። ችግሩን ብቻ ተናግሮ የሚቀመጥ ሰው ይታዘንለታል፤ የተወሰነ ነገር የጠየቀ ሰው ግን «እሺ» ወይም «እምቢ» መባል አለበት። እንግሊዝኛ አይቀናኝም የሚል ካለ ልጁ ወይም የመስጊዱ ወጣት ያስተርጉምለት። የታመመን ሰው ታሪክ ስንናገር ግን በፈቃዱ ይሁን፤ የሰው ገመና አማና ነው።

አራተኛ፣ ዜግነት የሌለው ሰው አያገባኝም አይበል። ድምፅ የሚሰጠው ዜጋ ብቻ ነው፤ ይህን መተላለፍ ከባድ ወንጀል ነውና ማንም እንዳይሳሳት። ለባለ ሥልጣን አቤቱታ ማቅረብ ግን የነዋሪ ሁሉ መብት ነው። ዜጋ የሆነው ይመዝገብና ይምረጥ፤ ያልሆነው ይናገር።

አምስተኛ፣ መስጊዱ ድንበሩን ይወቅ። ከግብር ነጻ የሆነ የሃይማኖት ተቋም ስለ ሕግ ማስተማር፣ በመጠኑም ስለ አንድ ረቂቅ ሕግ አስተያየት መስጠት ይችላል። የተወዳዳሪን ስም ጠርቶ «እገሌን ምረጡ» ማለትን ግን ሕጉ ይከለክላል። ይህ ለዲናችንም ይበጃል፤ ሚንበር የፓርቲ መድረክ ሲሆን ጀመዓው ይከፈላል። ደግሞም የ2018ቱን ድምፅ አንርሳ፤ ጉዳዩ ያለቀው ከሁለቱም ወገን ሰው በመገኘቱ ነው። ትናንት የተቃወመንን ሰው ደጅ የሚያዘጋ ንግግር አንናገር፤ ነገ ሐሳቡን ሊለውጥ ይችላልና።

ስድስተኛ፣ ብቻችንን አንሂድ። በሪችመንድ ከሃይማኖት ድርጅቶች የተውጣጣ፣ ቨርጂኒያ ኢንተርፌዝ ሴንተር ፎር ፐብሊክ ፖሊሲ የሚባል ማዕከል አለ፤ የተለያየ እምነት ያላቸውን ሰዎች ወደ ምክር ቤቱ ይዞ የሚሄድበት ቀንም አለው። መንገዱን ከሚያውቁ ጋር መሄድ ያስተምራል።

የተገኘውን መጠበቅ

ሕግ እንደ ቤት ነው፤ ካልተጠበቀ ይፈርሳል። በአይዳሆ ሕዝቡ በፊርማው ካሸነፈ በኋላ ምክር ቤቱ በ2021 ፊርማ የማሰባሰቡን መንገድ በ35ቱም ወረዳዎች አጥብቆ ሊዘጋው ሞክሮ ነበር፤ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት ሻረው። በቨርጂኒያ ደግሞ በ2018ቱ ስምምነት ውስጥ የተቀመጠ አንድ ቃል አለ፤ የፌዴራሉ መንግሥት ለማስፋፊያው የሚከፍለው 90 በመቶ ድርሻ ከቀነሰ ማስፋፊያው እንዲቀር ይላል።

ጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው የፌዴራል ሕግም ብዙ ነገር ይለውጣል። በማስፋፊያው የገቡ አዋቂዎች ቢዘገይ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2027 ጀምሮ በወር 80 ሰዓት መሥራታቸውን ወይም ሌላ የተፈቀደ ምክንያት እንዳላቸው እንዲያስመሰክሩ ያዛል። ብቁነታቸውም በየስድስት ወሩ እንዲጣራ ይደነግጋል። ከኦክቶበር 1 ቀን 2026 ጀምሮ ደግሞ ግሪን ካርድ ያልያዙ ብዙ ስደተኞችንና ጥገኝነት ያገኙ ሰዎችን ከፌዴራሉ ሜዲኬይድ ያስወጣል። ከእነዚህ መካከል የእኛ ወገኖች እንዳሉ ግልጽ ነው።

በ2023 የኮሮናው ጊዜ ደንብ አብቅቶ ማጣራት ሲጀመር በመላው አሜሪካ ሚሊዮኖች ከመዝገብ ወጥተዋል። አብዛኞቹ የወጡት ብቁ አለመሆናቸው ተረጋግጦ ሳይሆን ወረቀታቸው ስላልተሟላ ወይም ስላልተመለሰ ነው። ስለዚህ ከምክር ቤቱ ሙግት ጎን መስጊዶቻችን አንድ ቀላል ነገር ያድርጉ፤ ከጁሙዓ በኋላ ሁለት ፎርም የሚሞሉ ወጣቶች ከአንድ ጠረጴዛ ኋላ ይቀመጡ። አንዲት እናት በፖስታ የመጣላትን ደብዳቤ ይዛ መጥታ ታስነብብ። ካርቶኑ ከተቀመጠበት በር አጠገብ ይህ ጠረጴዛ ይኑር።

ወንድሞችና እህቶች፣ ያ ወንድማችን ዛሬም ይሰግዳል፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ። ሲያየን «ጀዛኩሙላህ ኸይር፣ አልተዋችሁኝም» ይላል። እውነት ነው፤ ከታመመ በኋላ አልተውነውም። ከመታመሙ በፊት ግን ትተነው ነበር። ለሚቀጥለው ወንድማችን እንዲህ እንዳንል በዚህ መከር ከየመስጊዱ አሥር አሥር ሰው ተመርጦ ወደ ተወካዩ ቢሮ ይሂድ።

አላህ (ሱ.ወ.) በሽተኞቻችንን ያሽርልን፤ ለሐቅ የምንቆም፣ ለተበደለው የምንናገር፣ በሥራችንም የምንጸና ያድርገን። አሚን።

ወቢላሂ ተውፊቅ።